ቀኝ እጄ የለቀመው ቡና

ስትሮክ መትቶኝ ቀኝ እጄ አልታዘዝ ሲለኝ፣ አማን ከተማ ሆስፒታል ያከመኝ ዶክተር «አባባ፣ በተጎዳው የአንጎል ክፍል አዳዲስ ደም ስሮች ይበቅላሉ፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ቀስ ብለው ነው። እጅዎን ያሠሩት» አለኝ። ያረጀ ቡና ከግንዱ ጎንድዬ አዲስ ቡቃያ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና «ይበቅላሉ ካልክ ይበቃኛል» አልኩት።

ቴፒ ቤቴ ስመለስ ልጄ እያጎረሰች እጄን አላሠራ አለችኝ። ቡናው ሲደርስ ግን ቅርጫቴን አንጠልጥዬ በቀኜ መልቀም ጀመርኩ። እሷ ቅርንጫፉን ሙልጭ እያደረገች ቅርጫቷን ስትሞላ፣ እኔ ፍሬ በፍሬ እየመረጥኩ ግማሽ አልደረስኩም። «ተው አባዬ፣ ይሄ እጅ ከእንግዲህ ለለቀማ አይሆንም» አለችኝ። ሁለቱንም ቅርጫት ሸራ ላይ ጎን ለጎን ደፋሁ። የእሷ ጥሬና ብስል የተቀላቀለበት ነው፤ የእኔ ቀይ ብቻ። «ቁጭ በይ፣ ጥሬውን ላውጣልሽ» አልኳት። ቀኝ እጄን ነው የዘረጋሁት።