ፈንጣጣ የት ገባ?

ሰው ያለ አመል አይፈጠርም፤ የጋሽ በሽር አመል ጥያቄ ነበር። በአሊዩ አምባ ገበያ በርበሬና ሽንኩርት ሲሸጡ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። የአስኳላ ደጃፍ ረግጠው ባያውቁም ቁርአን ቀርተው ተምረዋል፤ ሬዲዮናቸውም ከጆሯቸው አይለይም። ገዢ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቃቸው እሳቸው መልሰው፣ “ያንን የምስር አገር፣ የግብፅን ፒራሚድ የሠሩት ሰዎች ምሳቸውን ምን ይበሉ ነበር?” ይሉታል። “ግመልን መጀመሪያ ያላመዳት ሰው ማነው? ስንቴስ ነክሳው ይሆን?” ይሉና መልሱን ይጠብቃሉ። ገዢው ስቆ ይሄዳል፤ ጥያቄው ግን ከእሳቸው ጋር ያድራል።

በመስከረም፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ከአንኮበር ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ አንድ አይሱዙ ጠመዝማዛው ላይ ተቀርቅሮ ዘጋው። ከኋላው የቆመው ሚኒባስ ተሳፋሪውን አራገፈ። ከወረዱት አንዱ የሆኑት ጋሽ በሽር የበርበሬ ኬሻቸው ላይ አረፍ እንዳሉ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት አጠገባቸው ስትቆም አዩና ቦታ ለቀቁላት።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። ወዴት ነሽ?”

“ወአለይኩሙ ሰላም፣ አባቴ። አሊዩ አምባ ነኝ፤ ለማስተማር ተመድቤ። ዩምና እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ።”

“ማሻ አላህ! ምን ልታስተምሪ?”

“ታሪክ።”

“የማንን? የነገሥታቱን ብቻ ነው ወይስ የዓለሙን?”

“የዓለሙንም ጭምር።”

ጋሽ በሽር መንገዱ ስለተዘጋ አላህን ማመስገን ቃጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ጥያቄ ያወርዱት ጀመር። ዩምናም ለፒራሚዱ ሠሪዎች ዳቦና ጠላ መሰል መጠጥ ይታደላቸው እንደነበር፣ ሽንኩርትም ምግባቸው እንደነበር ነገረቻቸው። ሽንኩርት ነጋዴው ኩራት ተሰማቸው። ግመልን ማን እንዳላመዳት ሲጠይቋት ግን “እሱን ማንም በስሙ አያውቀውም” አለች። ይህን መልስ ከሁሉ አብልጠው ወደዱት፤ የማታውቀውን አላውቅም የምትል መምህርት አጋጥማቸው አታውቅምና።

ቀጥለው የተቀመጡበትን ኬሻ መታ መታ አደረጉ። “ይህ በርበሬ መቼም ከአደም ጀምሮ የኛው ነው።”

“ቅር እንዳይልዎት እንጂ፣ በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። መርከበኞች ባሕር አሻግረውት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲል እኛ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በፊት አያቶቻችን ወጣቸውን በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብልና በጥምዝ ነበር የሚያጣፍጡት።”

“አንቺ ልጅ፣ ይህን ገበያ መሀል እንዳትናገሪ! ስሜን ታጠፊዋለሽ።”

“በቆሎስ? በቆሎን ሌላ ስም ሲሰጡት ሰምተው አያውቁም?”

ጋሽ በሽር አሰቡ። “አያቴ ‘የባሕር ማሽላ’ ነበር የሚሉት።”

“ለምን ይመስልዎታል?”

“ከባሕር ማዶ…” አሉና ጭናቸውን መቱ። ከዚያ በሳቅ ፍርስ አሉ። “አያቴ ነግረውኝ ኖሯል! እኔ ነኝ ያልሰማሁ!”

አይሱዙው ተጎትቶ መንገዱ ሲከፈት ሁለቱ እንደ አባትና ልጅ ሆነው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እውቀት ሁሌ ከሩቅ አይመጣም፤ አንዳንዱ በምንናገረው ቃል ውስጥ ተቀምጦ የሚጠይቀው ያጣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዩምና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጋሽ በሽር መደብር ማለፍ ለመደች። ከእሳቸው በቀር ሌላውም ጠያቂ ሆነ። ልብስ ሰፊው ሱሪ የተፈጠረው የት እንደሆነ፣ ገበሬው ሰዎች ከማረሻ በፊት ምን ይበሉ እንደነበር ይጠይቃል። የጋሽ በሽር የልጅ ልጅ ሌይላ ደግሞ የዩምና ተማሪ ነበረችና በአያቷ ትኮራለች፤ እሳቸውም በእሷ። የሌይላ እናትና አባት ለሥራ ራቅ ብለው ስለሚኖሩ ልጅቷን የሚያሳድጓት ጋሽ በሽርና ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ዙቤዳ ናቸው። ወይዘሮ ዙቤዳ ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ዝምተኛ፣ ልጅ ያልወለዱ ነገር ግን የቤቱን ልጅ ሁሉ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት ነበሩ።

በኅዳር ከጤና ጣቢያ ሰዎች ትምህርት ቤት መጡና በነጋታው ለሴት ልጆች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት እንደሚሰጥ ተናገሩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዩምና ከመደብሩ አልፋ ወደ ጋሽ በሽር ቤት ሄደች። ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ እያሰጡ ነበር።

“ጋሼ፣ ሌይላ ነገ ከትምህርት ቤት እንደምትቀር ነገረችኝ። እርስዎ ነዎት የከለከሏት?”

“እኔ ነኝ። ቅር አይበልሽ፣ መምህርት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።”

“ምን ጠርጥረው ነው?”

“በነጻ ነው የሚሰጡት። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ነጻ ዕቃ ያስፈራኛል። ደግሞም ሴት ልጅን መካን ያደርጋል እየተባለ በገበያው ይወራል። ፈረንጅ ለአሊዩ አምባ ልጅ ምን ቆርጦት ያዝናል?”

ዩምና ሽማግሌን በችኮላ መርታት ማሸነፍ እንዳይደለ የምታውቅ ልጅ ነበረች። አጠገባቸው ተቀምጣ በርበሬውን አብራ ታሰጣ ጀመር።

“መጠርጠርዎ አያስወቅስዎትም፣ ጋሼ። በዓለም ታሪክ ሐኪሞች ድሆችን ሳያስፈቅዱ የበደሉበት ጊዜ ነበር። ይህን ብደብቅዎት ታሪክ አስተማሪ አይደለሁም። ግን እርስዎ ጠያቂ ነዎት። ዛሬ ለምን ሳይጠይቁ ፈረዱ?”

ይህች ቃል ጋሽ በሽርን ነካቻቸው። እጃቸውን አራግፈው ቀና አሉ።

“እሺ፣ ልጠይቅሽ። በልጅነቴ ሰው ሁሉ ከጅብ አብልጦ የሚፈራው ፈንጣጣን ነበር። እዚህ ቆላ ገብቶ ልጅ ጨርሷል። አሁን ግን ስሙንም የሚያነሳው የለም። ሌይላ አይታው አታውቅም። እንግዲህ ንገሪኝ፤ ፈንጣጣ የት ገባ?”

“እርስዎ የት የገባ ይመስልዎታል?”

“እንደ አንበጣ መንጋ፣ መጣ ሄደ እል ነበር።”

“አልሄደም፤ ተባርሮ ነው። ያባረሩትም ፈረንጆች ብቻ አይደሉም። በድሮ ዘመን በቱርክ አገር አሮጊቶች ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር በማድረግ ያስገቡለት ነበር፤ ሰውየው ቀለል አድርጎት ታሞ ይድናል፣ ሁለተኛም አይዘውም። ይህን አንዲት የእንግሊዝ እመቤት እዚያው አይታ ወደ አገሯ ወሰደችው። ወደ አሜሪካ በባርነት የተሸጠ አንድ አፍሪካዊም ‘በአገሬ እንዲህ ተደርጎልኛል’ ብሎ ጠባሳውን ለጌታው አሳየ፤ በእሱም ቃል ብዙ ሰው ተረፈ። በእኛም አገር ሰው ይህን ሲያደርግ አይተናል ብለው የጻፉ የጥንት ተጓዦች አሉ።”

“እኛም?”

“እኛም። ግን አደጋ ነበረው፤ አንዳንዱ በዚያው ታሞ ይሞታል። በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም የላም ፈንጣጣ የያዛቸው አላቢ ሴቶች የሰውን ፈንጣጣ እንደማይታመሙ ሰማና ከዚያ ተነስቶ አደጋው ያነሰ የመከላከያ መንገድ አገኘ። እያለ እያለ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ፣ የዓለም መንግሥታት ተስማምተው በየአገሩ አሳደዱት። ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። ከትባዮቹ ብዙዎቹ የዚሁ አገር ልጆች ነበሩ፤ በእግርና በበቅሎ ገደል ለገደል ዞሩ። ከእኛ ቀጥሎ በሶማሊያ ታየ። እዚያ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻ ሰው የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ዳነ።”

ጋሽ በሽር የሰሙትን እየመዘኑ ጥቂት በርበሬ አሰጡ። ሆኖም ክርክር የለመደ ሰው እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም።

“መልካም። ግን ያኛው ፈንጣጣ ነው፤ ይህኛው ካንሰር ነው። የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።”

“ልክ ነዎት፤ አይሆንም። ስለዚህኛው የምትመልስልዎት ሰላማዊት ናት፤ የጤና ባለሙያዋ። እኔ የምለምንዎት ሄደው እንዲጠይቋት ብቻ ነው።”

በዚህ ጊዜ ከጓዳው በር አንድ ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ዙቤዳ ነበሩ፤ ሁሉንም ቆመው ሰምተዋል።

“በሽር፣ የዓለሙን ሁሉ ትጠይቃለህ። እኔን ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።”

“ምኑን፣ እታለም?”

“አንድ ጎጆ ውስጥ አብረን ያደግን ልጆች ነን። የኔ ፊት ለምን እንዲህ ሆነ፤ ያንተስ ለምን ተረፈ?”

ጋሽ በሽር እንደዚያ መሆኑን እንጂ እንደዚያ ለምን እንደሆነ በእውነት አስበውት አያውቁም ነበር።

ወይዘሮ ዙቤዳ መጥተው ተቀመጡ። “ከትባዮቹ በበቅሎ የመጡ ዕለት አባታችን ወሬውን ከገበያ ሰምቶ ነበር። ደም ይወስዳሉ፣ ልጅ ያመክናሉ ይባል ነበር፤ አሁን አንተ ያልከውን ነው። እኔን አንስቶ ማሽላው ውስጥ ደበቀኝ። አንተ ትንሽ ነበርክ፤ ሁልጊዜም በሽተኛ። ‘ይኸኛውስ የሚያድግም አይመስልም’ ብሎ ትቶህ ሄደ። እናታችን አቅፋህ ወጣችና ክንድህን ሰጠቻቸው። እነሱ በሄዱ ማግስት አባታችን ደስ ብሎት ነበር፤ ‘ዙቤዳዬን አተረፍኳት’ እያለ። ወሩ ሳይወጣ እኔ ተኛሁ።”

“ታዲያ አንቺን ለምን…”

“አብልጦ ስለሚወደኝ ነዋ፣ ወንድሜ። የደበቀኝ ከሁላችሁም አብልጦ ስለሚወደኝ ነው። እስኪሞት ድረስ ፊቴን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እኔ አልተቀየምኩትም፤ ነግሮት የሚያስረዳው ሰው አልነበረም። አንተ ግን የሚነግርህ አለ። መምህሯ ደጅህ ድረስ መጥታለች። ሌይላን ስለምትወዳት ማሽላ ውስጥ አትደብቃት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።”

ሌይላ ከበሩ ጀርባ ቆማ ታለቅስ ነበር። ጋሽ በሽር ተነስተው የእህታቸውን እጅ ያዙ፤ ከዚያም እንደ ልጅነታቸው በእህታቸው ጉልበት ላይ ግንባራቸውን ደፉ። “አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ እታለም” አሉ። “ስለ ግመል ስጠይቅ ኖሬ አንቺን ሳልጠይቅ!”

“አሁን ጠየቅከኝ አይደል? አልሐምዱሊላህ፤ ተነስ።”

አንባቢ ሆይ፣ ፍቅር ብቻውን ልጅ አያድንም። እውቀት የሌለው ፍቅር የሚወደውን ይዞ ወደ ማሽላው ይሮጣል። የወይዘሮ ዙቤዳ አባት ክፉ አልነበሩም፤ የሰሙት የገበያውን ወሬ ብቻ ነበር።

በነጋታው ጋሽ በሽር ከሌይላ ጋር ትምህርት ቤት ሄደው ከሰላማዊት ፊት ተቀመጡ። ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ አቀረቡ፤ መካን ያደርጋል ወይ? ለምን በዚህ ዕድሜ? ለምን ለሴት? በነጻ የሆነውስ ለምንድን ነው? ሰላማዊት ትዕግሥት ያላት ልጅ ነበረች።

“መካን አያደርግም፣ አባቴ። እንዲያውም የካንሰሩ ሕክምና ነው ብዙ ጊዜ ሴቷን መውለድ የሚያሳጣት፤ ክትባቱ ከዚያ ያድናታል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ሰውነቷን ሳያገኘው በፊት ቢሰጥ ይበልጥ ይሠራልና በልጅነት ይሰጣል፤ ካንሰሩ የማኅፀን በር ስለሆነም ለሴቶች ነው። ዛሬ ክንዷን ሊያማት፣ ትንሽም ሊያተኩሳት ይችላል፤ እሱን አልደብቅዎትም። ወጪውን መንግሥትና የውጭ ረጂዎች ይጋሩታል። እናት ታማ ቤት ከሚፈርስ መርፌው ይቀላል።”

“የኔም እናት እንዲህ ብላ ይሆናል ክንዴን የሰጠችው” አሉ ጋሽ በሽር፤ ዞረውም ሌይላን፣ “አንቺስ ምን ትያለሽ? ክንዱ ያንቺ ነው” አሏት።

“ልከተብ፣ አባባ።”

ሌይላ ተከተበች። አያቷ ግን ወደ ቤት አልተመለሱም፤ በሩ ላይ ቆመው፣ ሲያመነቱ ላዩአቸው አባቶች ሰላማዊት የነገረቻቸውን ሁሉ ደገሙላቸው። ከመልሳቸው ያለፈ ጥያቄ ሲመጣ፣ “እሱን አላውቀውም፤ ገብተህ እሷን ጠይቃት” ይሉ ነበር። ሊመለሱ የነበሩ ብዙዎች ገቡ።

ከዚያ ወዲያ በአሊዩ አምባ የሰላማዊት ደጅ የሚፈራ ሳይሆን የሚጠየቅ ደጅ ሆነ። እርጉዞች ቀደም ብለው መምጣት ጀመሩ፤ ልጅ ሲያተኩሰው ቤት ውስጥ ይዞ የሚሰነብት ወላጅ ቀነሰ። የጥያቄ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ስለ ሩቅ ዘመን የጠየቀ ሰው ስለ ቅርብ ቤቱም መጠየቅ ይማራል፤ የሌላውን ስሕተት ዐውቆ የራሱን ይቀንሳል፤ ብቻውን እንዳልኖረና በብዙ ሰው ድካም እንደቆመም ይረዳል።

ክትባቱ በተሰጠበት በዚያው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ከመበተኑ በፊት ጋሽ በሽር ተነሱ።

“ወንድሞቼ፣ ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም ተብለናል። እኔ እስከ ዛሬ ያላመሰገንኳቸው ሰዎች አሉኝ። የቱርክ አሮጊቶች አሉ። ላም የሚያልቡ ሴቶች አሉ። በባርነት ተሽጦ ሳለ የገዙትን ሰዎች ልጆች ያዳነ አንድ ሰው አለ። በበቅሎ ይህን ገደል የወረዱ የአገሬ ልጆች አሉ። እናቴ አለች። ዛሬ በፊታችሁ ላመሰግናቸው ነው።”

ከኋላ ረድፍ አንድ ጎልማሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሽ በሽር፣ እነዚያ ሰዎች ሃይማኖታቸው ምን ነበር?” አላቸው።

ሽማግሌው በልጅነታቸው የተከተቡበትን ክንዳቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ። “አላውቅም፣ ልጄ” አሉት። “እነሱም ሲደርሱልኝ የኔን አልጠየቁኝም።”