ቤት ያልደረሰው ልጅ

መሪጌታ ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የቡሬን መኪና ሲጠብቁ ከሥርጉት ጋር ተገጣጠሙ። ሥርጉት የሟች ልጃቸው የጌታሁን የኮሌጅ ጓደኛ ናት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል የታቀፉትን ላፕቶፕ ስታይ ጌታሁን ትዝ ብሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የጌታሁን ትልቁ ኮምፒውተር ከተበላሸ ወዲህ እሱ የሠራውን ጨዋታ በዚህች ትንሽ ላይ ጫኑልኝ» አሉ መሪጌታ። «ምን ያደርጋል፣ ልጁ ቤት አይደርስም።»

ከፍተው አሳዩዋት። ጌታሁን በሠራው በዚህ ጨዋታ አንድ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ ከሚጠብቀው አባቱ ዘንድ ይደርሳል። በትንሿ ስክሪን ግን በሩም አባትየውም ከቀኝ ጠርዝ ውጭ ቀርተዋል። ልጁ ይሄድ ይሄድና ጠርዙ ላይ ይጠፋል። ጌታሁንም ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው መኪና ተገልብጦበት መንገድ ላይ የቀረው። ምስኪን አባት ይህንኑ በየቀኑ እየከፈቱ ያለቅሳሉ።

«የኔታ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ላስተካክለው። ጌታሁን ሁሉንም በትልቁ ስክሪን ልክ ብቻ ነው የሠራው።»

«አይሆንም ልጄ። የሟች እጅ ያረፈበት አይነካም። ጋቢውን እንኳ አላሳጠብኩም።»

አይ የእኛ ነገር! ሟቹን አከበርን ብለን ሥራውንም አብረን እንቀብረዋለን።

ሥርጉት ግን አልተከፋችም። «የኔታ፣ እርስዎ ብራና ጸሐፊ ነዎት። በሰፊ ብራና የተጻፈውን በጠባብ ገልብጡ ቢባሉ፣ ያልበቃውን ቃል ይተዉታል?»

«እንዴት ተደርጎ? ቃል ይጓደላል እንዴ? ብራናውን ለክቼ፣ በወስፌ ወግቼ፣ እንደ ስፋቱ አሰምራለሁ። ፊደሉንም አሳንሳለሁ።»

«ታዲያ መጽሐፉ የማን ይባላል? የእርስዎ ወይስ የደራሲው?»

«የደራሲው» አሉ መሪጌታ።

«እኔም የጌታሁንን ሥራ አላጓድልም። ጨዋታው የሚታይበት መስኮት በጠበበና በሰፋ ቁጥር ጨዋታው ስፋቱን እንደገና ይለካ፤ ወንዙም፣ ቤቱም፣ ልጁም በዚያው ልክ አብረው ይጥበቡ፣ አብረው ይስፉ ነው የምለው።»

«በይ እንግዲህ» አሉ ላፕቶፑን እያቀበሏት።

የቡሬው መኪና ሞልቶ ሄደ፤ እሳቸው ቀሩ። ሥርጉት ኮዱን ጽፋ ስትጨርስ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ አጠበበችው፣ መልሳም አሰፋችው። በሩ የትም አልሄደም። ልጁ ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ አባቱ ዘንድ ደረሰ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ።

«ከእንግዲህ ስክሪኑ ቢያንስም ቢተልቅም ጨዋታው አይቆረጥም» አለች ሥርጉት። «የጅጋ ልጆች በስልካቸው፣ የአዴቶቹም በትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ሊጫወቱት ይችላሉ። የጌታሁን ድካም እርስዎ ዘንድ ብቻ ተዘግቶ አይቀርም።»

«ስጪያቸው። የእኔው ልጅ አልደረሰልኝም፤ እነሱ ዘንድ እንኳ ይድረስ።» ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «እስቲ ድገሚልኝ ልጄ። ሲደርስ ልየው።»