ሽማግሌ እስኪቀመጥ

በኅዳር ወር፣ ዝናብና በረዶ ተደባልቆ በሚወርድበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባል የባሕር ማዶ ከተማ ጎዳና ላይ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሁለት የቀድሞ ጎረቤታሞች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። አንደኛው ጋሽ ኸሊል ናቸው፤ ስልሳን ያለፉ፣ ከወሎ የመጡ፣ ካናል ዊንቸስተር ባለ አንድ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ለዓመታት ካርቶን ሲያሽጉ የኖሩ ሰው። ሁለተኛው ኤልናታን ነው፤ ሊንደን በሚባል ሰፈር ከእርሳቸው ቤት በላይ ባለው ፎቅ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ከሥራ የወጡ ሰዎችን በሚረዳ ቢሮ የሚሠራ ወጣት።

"አንተ የጴንጤው ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አሉት ጋሽ ኸሊል።

"የቤታችን ማሽን ተበላሽቶ ነው፣ ጋሼ።"

"የአንተስ ማሽን ነው። የእኔ ሥራዬ ነው የተበላሸው።"

እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ፤ የእናቱን የጉልበት ሕመም ጠየቁት፤ እርሱም የባለቤታቸውን የእትዬ ዘኪያን ጤና ጠየቃቸው። ከዚያ ጎን ለጎን ቆመው የደረቀ ልብስ ማጠፍ ጀመሩ። ኤልናታን ከሽማግሌው ቅርጫት ውስጥ መጋዘን ሠራተኞች የሚለብሷትን ቢጫ ሰደርያ አየ። ለእርሳቸው ትከሻ የምትሆን አልነበረችም።

"ይቺ የማን ናት?"

"የሃጀር።"

ሃጀር የጋሽ ኸሊል የመጨረሻ ልጅ ናት። ነርስ ለመሆን የምትማር፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋውን የጣለባት ልጅ መሆኗን ኤልናታን ያውቃል። ትምህርቷን አቁማ እንደሆነ ጠየቃቸው። እስካሁን አለማቆሟን፣ ነገር ግን አባቷ የሥራ አጥ ድጎማውን ካላገኙ ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንደማትመዘገብ መናገሯን ነገሩት። ቀን ትማራለች፤ ማታ እርሳቸው በለቀቁበት መጋዘን ትሠራለች።

"ለቀቁ ነው ወይስ አስወጡዎት?"

ጋሽ ኸሊል ካልሲ ማጣመር ጀመሩ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩት።

በፈረንጆቹ በጋ መጨረሻ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ነገራቸው። የተረጎመላቸው የፈረቃው አለቃ ጣሃ ነው፤ የአገራቸው ሰው፣ ቀድሞም ያስቀጠራቸው እርሱ። ጣሃ ተርጉሞ ሲጨርስ ከራሱ አንድ ምክር ጨመረ። ተባረረ ከሚባሉ በፈቃዴ ለቀቅሁ ቢሉ ስማቸው እንደማይበላሽ፣ ሥራ ሲመለስም ራሱ እንደሚጠራቸው ነገራቸው። ጋሽ ኸሊልን ሥራ ከማጣት ይልቅ ተባረረ መባሉ ያሳፍራቸው ነበርና በፈቃዴ ነው ብለው ፈረሙ፤ ሥራ አስኪያጁን ጨብጠው፣ አመስግነው ወጡ።

ለመንግሥት የድጎማ ቢሮ ሲያመለክቱ ለብዙ ሳምንታት የተሰጣቸው መልስ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው የሚል ብቻ ነበር። ስልክ ሲደውሉ ሙዚቃ ይሰማሉ፤ ሙዚቃው ሲያልቅ መስመሩ ይቋረጣል። በመጨረሻ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አይከፈለውም የሚል ውሳኔ ደረሳቸው። ቢሮው ያን ያለው ከራሱ ፈጥሮ አልነበረም። የያዘው የራሳቸውን ፊርማ ነው።

"አፒል አሉ ታዲያ? ይግባኝ ጠየቁ?"

"ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል" አሉ ጋሽ ኸሊል፣ በረጋ ድምፅ። "ሐጂ ሃቢብ ሊያስቀምጡን ነው። ጣሃ እናቱ ሞታበት አገር ቤት ሄዷል። ሲመለስ እንቀመጣለን። ጣሃ ስህተቱን አምኖ ለመጋዘኑ ይነግርልኛል፤ መጋዘኑም ለቢሮው ይጽፍልኛል።"

"የአፒሉ ቀን መቼ ያልፋል?"

"ማክሰኞ።"

"ጣሃስ መቼ ይመለሳል?"

"በወሩ መጨረሻ ኢንሻአላህ።"

ኤልናታን ያጥፈው የነበረውን ሸሚዝ አስቀመጠ። በየሳምንቱ የሚሞላውን ማመልከቻስ እየሞሉ እንደሆነ ጠየቃቸው።

"ተውኩት። ከከለከሉኝ በኋላ በየሳምንቱ ስጡኝ ስጡኝ ማለት ልመና ነው። ሽማግሌ ይዞትም ሌላ ዘንድ ማንኳኳት ሽማግሌውን መናቅ ነው።"

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳቸው። ድጎማው ምጽዋት አይደለም፤ ሠራተኛ ክፉ ቀን ሲገጥመው እንዲሆን አሠሪዎች ግብር የሚከፍሉበት ነው። ሰው ተከልክሎም እየተከራከረ በየሳምንቱ መሙላት አለበት፤ ሳይሞላ ያሳለፈው ሳምንት፣ በኋላ ክርክሩን ቢያሸንፍ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ጋሽ ኸሊል ይህን ሲሰሙ በአጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ማን ነገረኝ?"

"ውሳኔው ላይ ተጽፏል። ለሃጀር አላሳዩዋትም?"

"አባትሽ ሥራውን ጥሎ ወጣ የሚል ወረቀት ለልጄ ላሳያት?"

እዚህ ላይ በእርሳቸው መፍረድ ይቀላል፤ ግን አይገባም። ጋሽ ኸሊል በዚህ ከተማ ያገኙት ሰላም ሁሉ በሽማግሌ የመጣ ነው። አብርሃም የሚባል ሰው መኪናቸውን በገጨ ጊዜ ያለ ፖሊስ የታረቁት በሽማግሌ ነው። የእህታቸው ልጅ ትዳር ሊፈርስ ሲል የተረፈው በሽማግሌ ነው። ይህንኑ ለኤልናታን አንድ በአንድ ዘረዘሩለት።

"አሁን አንተ የምትለኝ" አሉ፣ "የቀጠረኝን ሰው፣ የእናቱ ሐዘን ላይ ሳለ፣ ፈረንጅ ፊት ስሙን አንሳ ነው። ልጆች አሉት። እንዲህ በል አለኝ ብዬ ከተናገርኩ ከሰስኩት ማለት አይደለም?"

"ክርክሩ ከጣሃ ጋር አይደለም፣ ጋሼ። የሚጠይቁዎት ከሥራ እንዴት እንደወጡ ነው። ጣሃን ምንም አይነካውም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አላውቅም።"

"አየህ።"

"ሐጂ ሃቢብ እርስዎንና ጣሃን ያስታርቃሉ፤ ያን ቢሮው አይችልም። ቢሮው ውስጥ የተጻፈውን ደግሞ ሐጂ ሃቢብ አይሰርዙትም። ሁለቱ መንገዶች ለየብቻ ናቸው። አንዱ ሌላውን ቆሞ አይጠብቅም።"

ለጋሽ ኸሊል አልተዋጠላቸውም። ከአፋቸው የወጣ ቃል ተመልሶ ሲታጠፍ ከውሸታም እንደሚቆጠሩ ተናገሩ። ኤልናታን ጥቂት አሰበና ጥያቄውን ለወጠ።

"ሐጂ ሃቢብ ፊት ተቀምጠው 'ኸሊል፣ በፈቃድህ ነው የወጣኸው?' ቢባሉ ምን ይመልሳሉ?"

"አይደለም እላለኋ።"

"ጣሃ ተቀምጦ?"

"ጣሃ ተቀምጦ። ምን ያስፈራኛል?"

"እዚያ ሲናገሩት እውነት የሆነው፣ ቢሮው ፊት ሲናገሩት ለምን ክስ ይሆናል?"

ጋሽ ኸሊል ወደ ማሽኖቹ ዞሩ። ከማሽኖቹ አንዱ ውኃውን እየተፋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ዝም ያሉ ይመስልዎታል፤ ዝም አላሉም" አለ ኤልናታን። "በፈቃዴ ለቀቅሁ የሚለው ቃል በስምዎ ተቀምጦ ይመሰክራል። ምስክርነትን መደበቅ በእናንተ ዘንድ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።"

"ጭራሽ ዲኔን ልታስተምረኝ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የጣሃን ስም የሚጠብቁት በሃጀር ትምህርት ነው።"

ጋሽ ኸሊል ቢጫዋን ሰደርያ ከቅርጫቱ አንስተው አጠፏት፤ መልሰው ዘረጓት፤ እንደገና አጠፏት። ከዚያ ተናገሩ፦ "ለጣሃ ሳልነግረው አልልክም።"

እሑድ ጠዋት ደወሉለት። ስለ እናቱ አጽናኑት፤ ከዚያ ሊያደርጉ ያሰቡትን ሳይሸሽጉ ነገሩት። ጣሃ እስክመጣ ይታገሡኝ ብሎ ለመናቸው። ቀኑ ማክሰኞ እንደሚያልፍ ሲያስረዱት እንደ ፈቃድዎ አለና ስልኩን ዘጋ። ሰኞ ዕለት ኤልናታን ወደሚሠራበት ቢሮ ሄደው አፒሉን አስገቡ፤ ለክርክሩ ቀን አስተርጓሚ ጠየቁ፤ የሳምንቱንም ማመልከቻ መሙላት ጀመሩ።

ክርክሩ በስልክ የተሰማው ከገና በኋላ ነበር። አስተርጓሚዋ የማያውቋት ሴት ናት፤ ያሉትን ብቻ ተረጎመች፤ ከራሷ ምክር አልጨመረችም። ጋሽ ኸሊል ከነገ ጀምሮ አትምጣ መባላቸውን፣ እንዲፈርሙ ማን እንደመከራቸውና ለምን እሺ እንዳሉ ተናገሩ። ውሳኔው ደግሞ ሌሎች ሳምንታት ፈጀ። ሲመጣ የፈረዱት ለእርሳቸው ነበር። ገንዘቡም መጣ፤ ዝም ብለው ያሳለፏቸው ሳምንታት ግን አልተመለሱም። በዚህ መካከል የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ተዘጋ፤ ሃጀርም ቀንና ማታ መጋዘን ገባች።

ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። ጣሃ ሥራውን አላጣም፤ ይቅር ተባባሉ፤ ተጨባበጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ጣሃ ጁምዓ የሚሰግደው ሌላ መስጊድ ነው።

በየካቲት ራቢያ የምትባል ጎረቤት ከሥራ ወጥታ ጋሽ ኸሊልን ልታማክር መጣች። እርሷም ከአለቃዋ ጋር በሽማግሌ ልትነጋገር አስባ፣ ከዚያ በኋላ አመለክታለሁ ብላ ነበር። ጋሽ ኸሊል አስቀምጠው መከሯት። ተባረርሽ መባል ስላሳፈረሽ ብቻ ለቀቅሁ ብለሽ አትፈርሚ። ሽማግሌ ላኪ፤ በዚያው ቀን ግን ማመልከቻሽንም አስገቢ። ቢከለክሉሽ ቀኑ ሳያልፍ አፒል በይ። መልስ ቢዘገይም በየሳምንቱ ሙዪ። የሚተረጉምልሽ ሰው ከአንቺ ጋር የሚሠራ አይሁን፤ ቢሮው በነጻ ያቀርብልሻል። ይህን ያደረገ ሰው ቢያንስ ቤቱን በሰዓቱ ይደጉማል፤ ልጁን ከትምህርት ገበታ አያስነሳም።

"እርስዎ እንዲህ አድርገው ነው ያሸነፉት?" አለቻቸው።

"እኔ ዘግይቼ ነው ያደረግሁት" አሉ።

በዚህ ጊዜ ሃጀር ካፖርቷን እየቆለፈች ከጓዳ ወጣች። ለፈረቃዋ ሰዓት ደርሶባት ነበር። አባቷ የሚሉትን ሰምታ "ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ" አለች፤ በመኸሩ ወደ ትምህርቷ እንደምትመለስም እንደ ሁልጊዜው ተናግራ በሩን ከኋላዋ ሳበች።

ጋሽ ኸሊል አንገታቸውን አቀረቀሩ። ራቢያ በሩን አየች፤ እርሳቸውን አየች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ነገ ልትሞላው ያሰበችውን ማመልከቻ እዚያው ተቀምጣ መሙላት ጀመረች።