የጨዋ አጥንት

ከቦሌ ወደ ጎሮ በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ አንዲት ባልቴት አጠገባቸው ለተቀመጠችው ወጣት ብሶታቸውን ያወሩላታል።

«ሐኪሙ ‹አጥንትዎ ሳስቷል› አለኝ። የእኔ አጥንት እኮ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ እንከን ያልተገኘበት ነው!»

«እማማ፣ የወገብዎን ነው እንጂ የዘርዎን አይደለም።»

«ጥዬለት ወጣሁ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ሰድቦኝ ልዋጥለት?»

«ከእጽዋት የሚወጣ፣ አጥንት የሚገነባ ነገርም እየተጠና ነው አሉ። እሱ ግን ገና ነው፤ እስከዚያ የሐኪሙን ይዋጡ።»

«የእኛ ቤት አጥንት በጎመን ሊጠገን?»

«ጎመን በጤና ይባል የለ? ቢወድቁስ?»

«እኛ ቤት የሚወድቅ የለም!»

ጎሮ ስንደርስ ባልቴቷ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ደግፊኝ፤ መውረጃው ከፍ አለብኝ።»

«እሺ እማማ፤ የጨዋ አጥንት ብቻውን አይወርድም።»

እኔም ለሳቅ የከፈትኩትን አፌን ዘግቼ ከዘራዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።