የጋሽ መዳፍ እጅና የሚኒባሷ ቀለም

የጫማዬ ተረከዝ ባይነቀል ኖሮ ይህን ሁሉ ባላየሁ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከቤቴ ወጥቼ ሁለት መቶ እርምጃ ሳልሄድ ተረከዙ ከነምስማሩ ተለየኝ። አጠገቤ አንድ የመኪና ቀለም ቤት በሩን ከፍቶ ነበርና መዶሻ ልለምን እያነከስኩ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ስህተት መፈለግ ስለለመደ ሰው ቤት ስገባም አያርፍም። የዚያን ቀን ግን ከዓይኔ ቀድሞ ጆሮዬ ሥራ አገኘ።

«እጅዎን ይሰብስቡልኝ ጋሼ! እባክዎ እንዳይነኳት!»

ይህን ያለችው የቴክኒክ ትምህርቷን ጨርሳ በቅርቡ እዚያ ሥራ የጀመረች ወጣት ናት። የተባሉት ደግሞ አጎቷ፣ የቀለም ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ መዳፍ ይላቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው የመኪና አካል ሲዳብሱ፣ ሌላው በመነጽር የማያየውን ጉብታ ያገኛሉ። ለዚህ ሲሉ በየማለዳው መዳፋቸውን ቫዝሊን ይቀባሉ፤ እጃቸው ከሻከረ አያይልኝም ባይ ናቸው።

በሁለቱ መካከል የቆመችው ሚኒባስ የጋሽ መዳፍ ታናሽ ወንድም መተዳደሪያ ናት። አሮጌው ቀለም ተፍቆ ከቀለም በፊት የሚቀባውን አመድማ ፕራይመር ለብሳለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቀብተዋት፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች አወጣ። ተሳፋሪው «ፈንጣጣዋ መጣች» ይል ጀመር። ሾፌሩ ወንድማቸው ቆሽቱ አረረ፤ እሳቸው ደግሞ «በማይረባ ሳሙና እያጠብክ ስለምታመጣት ነው» ብለው አረፉት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል፤ እናታቸውን እንኳ የሚጠይቁት በየተራ ነው። አሁንም መኪናዋን በሰው እጅ ነው የላካት፤ አብሮ የመጣው መልእክት «ይሄ ካልሆነ ወንድም አለኝ አልልም» የሚል ነበር።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ መዳፍ። «ልቀባት ነው እኮ! ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሳልዳስስ የቀባሁት መኪና የለም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት ጋሼ፤ ቅር እንዳይልዎት። ቫዝሊኑ ቅባት ነው። ቀለም ደግሞ ቅባት ካለበት ይሸሻል። የሸሸበት ቦታ ነው ጉድጓድ የሚሆነው።»

«ቀለሙ ነዋ! የዘንድሮ ቀለም ውሃ ነው፣ ውሃ!»

«ሁለቱን ጊዜ ከሁለት ሱቅ ነው የገዙት።»

«ሁለቱም ሌቦች ናቸው።»

«እሺ ጣራዋስ? ቀለሙ ያው፣ ሳሙናው ያው፤ ጣራዋ ላይ ግን አንድም ጉድጓድ አልወጣም። እዚያ የሌለው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው። አይደርስማ!»

እዚህ ላይ አፌን መያዝ አቃተኝ። «ይቅርታ ይደረግልኝ» አልኩ አንድ እግሬን አንጠልጥዬ፣ «በእኛም ሥራ አንድ ስህተት ሁልጊዜ በአንድ ሰው ገጽ ላይ ብቻ ከታየ ወረቀቱን አንወቅስም።»

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«መዶሻ ፈላጊ ነኝ።»

ጋሽ መዳፍ ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝ። መዶሻውን ግን ሰጡኝ።

ልጅቷ በክርክር እንደማይሆን የገባት መሰለኝ። ከሁለት ንጹሕ ጨርቆች አንዱን ቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ውስጥ ነክራ ፊት ለፊት ያለውን ኮፈን ጠረገች፤ ፈሳሹ ሳይደርቅ ወዲያው በደረቁ ጨርቅ ተከትላ አነሳችው። «አሁን እንደልብዎ ይዳስሱ» አለች። ጋሽ መዳፍ ተገርመው መዳፋቸውን አሳረፉና አነሱት። ምንም የሚታይ ነገር የለም። እሷም በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ረጨችበት።

እኔ ተረከዜን ረሳሁት! ውሃው በኮፈኑ ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ተነጠፈ፤ መዳፋቸው ባረፈበት ላይ ሲደርስ ግን እየተሸበሸበ ሸሸ። አምስት ጣት ከነአውራ ጣቱ፣ መሐል ላይ ሰፊው መዳፍ፣ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ጋሽ መዳፍ አንዴ ኮፈኑን፣ አንዴ እጃቸውን አዩ። ከዚያ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አሉ። «ስንት መኪና...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። አንጀቴን በሉት። ዕድሜ ልኩን በእጁ ሲኮራ የኖረ ሰው ክሱን በውሃ ተጽፎ ሲያነብ ማየት ቀላል አይደለም። ዕውቀትን ለሰው ስናቀርብ ለክብሩም ማረፊያ ማዘጋጀት እንዳለብን ያን ጊዜ አሰብኩ፤ ልጅቷ ግን ከእኔ ቀድማ አዘጋጅታ ኖሯል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይቅር አላልኩም እኮ። ቅባቱ ይቅር ነው ያልኩት።» ስስ የጨርቅ ጓንት አወጣች። «በዚህ ይሞክሩት።»

«በጓንት መዳሰስ ማለት እኮ በአንሶላ ተጠቅልሎ መታጠብ ነው!»

«ለእኔ ሲሉ፣ አንዴ ብቻ።»

እያጉረመረሙ አጠለቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፊት በር እስከ ኋላ አንሸራተቱት። ቆም አሉ። ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። «ጉድ ነው! ጓንቱ ይይዘኛል ስል... ይንሸራተታል እኮ!» ወዲያው ድምፃቸው ከፍ አለ። «እዚህ ጋ ረጅም ሞገድ አለ! ልጄ፣ ይሄን በር ለስልሷል ብለሽኝ አልነበር?»

«ለስልሷል! በእጄ ፈግፍጌዋለሁ።»

«በምን?»

«አጭሩ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት።»

«ታዲያ አጭሩ እንጨት ከሞገዱ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል እንጂ መቼ ይቆርጠዋል?»

ልጅቷ ክርክር ውስጥ አልገባችም። በሩ ላይ ጥቁር ዱቄት በስሱ ነሰነሰች፤ ክንድ የሚያህል እንጨት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላ አግድም ትፈገፍግ ጀመር። ከፍ ያለው ቦታ ነጣ። ዝቅ ያለው ግን ጥቁር እንደለበሰ ቀረ፤ ጋሽ መዳፍ ባሉበት ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ!

«እውነትዎን ነው! ኧረ እውነትዎን ነው ጋሼ!» ብላ ዘለለች። እሳቸውም ዘለሉ። እኔም ልዘል ስል ጫማዬ አንድ እግሬ ላይ ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ።

በማግሥቱም ሄድኩ፤ ተረከዜ ተጠግኗል፣ እግሬ ግን ከዚያ ግቢ አልወጣ አለ። ሞገዱን በስስ ስቱኮ ሞሉት፣ በረጅሙ እንጨት አስተካከሉት፣ ፕራይመር ደገሙት። ሐሙስ መላ አካሏን በሁለት ጨርቅ ጠርገው፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሥተው ቀቧት። ጋሽ መዳፍ ቀለሙን ረጭተው ሲጨርሱ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ጉድጓድ የለም። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። አሁንም የለም። «እሰይ!» ብለው ሲጮኹ ጎረቤት የእሳት አደጋ መስሎት ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድማቸው መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ መኪናዋን ሁለቴ ዞራት። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ በሩ ላይ ፊቱን ከነጢሙ አየ። ጋሽ መዳፍ ደስታው አላስቆም ብሏቸው ያወርዱት ጀመር፦ «ምሥጢሩ ከቀለሙ በፊት ነው! ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ዝቅ ያለውን በጥቁሩ ዱቄት ማውጣት፣ በረጅም እንጨት ማስተካከል። ሁለት ቀን ተጨማሪ ይፈጃል፤ ግን አንዴ ተቀብቶ ይቀራል! ቀለም አይባክንም፣ መኪናህም ከመንገድ ወጥታ አትቆምብህም...»

ወንድምየው በሩን መመልከቱን ቀጠለ። ጋሽ መዳፍም ወሬያቸውን ገታ አድርገው መዳፋቸውን አዩ። ቀጥሎ የሚመጣው እንዳስጨነቃቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

«ሁለቱንም ጊዜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የእጄ ቅባት ነው። በሳሙናህ አሳብቤ አሳዘንኩህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ሾፌሩ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሦስት ዓይነት ሳሙና ቀያየርኩ እኮ! የመጨረሻው እጄን ልጦኛል!»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ለማንም ሰው መሪ አሳልፎ የማይሰጠው ያ ሾፌር ቁልፉን ለታላቅ ወንድሙ ዘረጋላቸው።

«በል አንተ ንዳት። እማዬ በር ላይ ሁለታችንም አንድ ላይ ስንወርድ ትየን።»