ቀስት የሌለበት ጌም

አጎቴ ሐጂ ሰይድ ከአልዩ አምባ ለወዳጃቸው ለቅሶ ደብረ ብርሃን መጡና ጌም ስጫወት አገኙኝ። ጉራዬን ነዛሁ፦ "ሌላው ጌም መንገዱን በቀስት ይመራል፤ የሰነፍ ነው። ይሄ ግን ዓለሙን ከፍቶ ይለቃል፣ ፈልጎ ማግኘት የራስ ነው። እዚህ ውስጥ የተደበቀ መንደር ስፈልግ ሦስተኛ ቀኔ!"

"ወንዙን ይዘህ ውረድ እንጂ!" አሉኝ ስክሪኑን አይተው። ወረድኩ፤ መንደሩ ቁጭ ብሏል።

ለቅሶው ቤት ላድርሳቸው ብዬ የነገሩኝን፣ እኔ የማላውቀውን የድሮ የሰፈር ስም ስልኬ ላይ ጻፍኩ። የካርታው ቀስት ዞሮ ዞሮ አንድ ግንብ አጥር ሥር ገተረን። ሐጂ አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ተወልደህ ባደግህበት ከተማ?"

ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ሲያልፉ አዩና ተከተሏቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ሴቶቹ መልሰው ወደ ሰፈሬ አመጡን። ድንኳኑ የተተከለው ከቤቴ ጀርባ ነው። የሞተው ጎረቤቴ ኖሯል!