እናትን የሚያሳርፈው ጡጦ

ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጡ ሠራተኞች በሚኖሩበት በዊል ታማር የመዳብ ማዕድን ሰፈር ሴትና ሴት የሚገናኘው ውሃ ወረፋ ላይ ነው። በጥር ወር፣ አገሩ በበጋ ሲነድ፣ የየቤቱ በርሜል ይደርቅና የውሃ ጋሪው እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ይሰለፋል። ሐሜቱም ምክሩም ቀልዱም እዚያው ነው።

እትዬ ሎቭዴይ ትሬጌር በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን አሞስን ይዘው ቆመዋል። አሞስ አራት ወሩ ነው። ከሻሉ ውስጥ ቀጭን የጎማ ቱቦ ወጥቶ በአያቱ ጉያ ከተወሸቀ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ጋር ተያይዟል፤ ልጁ የቱቦውን ጫፍ ጎርሶ አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይተወዋል።

"ዛሬም አልተሻለውም እንዴ እትዬ?" አለች ከፊታቸው የቆመችው ጎረቤታቸው ዘኖቢያ፣ የገፋ እርግዝናዋን በእጇ ደግፋ። "ዓይኑ ጎድጉዷል እኮ።"

"ጥርሱ ሊወጣ ነው። ጥርስ ያስቀምጣል።"

"በአራት ወሩ?"

"አባቱም በአራት ወሩ ነው ያበቀለው። ጃቤዝ ለመንከስ ሲቸኩል ነው የተወለደው።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ሳያባራ ከወደቡ የሚመጣው ሠረገላ ደረሰና አንዲት ወጣት ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ታምሲን ነበረች፤ የዚሁ ሰፈር ልጅ። በአደሌድ ከተማ ሕፃናት በሚታከሙበት ቤት ሦስት ዓመት ነርስነት ተምራ እናቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው።

"ታምሲን!" ብላ ጮኸች ዘኖቢያ። "ያ ባርኔጣሽ ላይ ያለው ወፍ እንቁላል ይጥላል ወይስ በከንቱ ነው የምትቀልቢው?"

"ቢጥልም ላንቺ አይደርስሽም፤ ከነቅርፊቱ ትውጪዋለሽ" አለቻትና ወደ እትዬ ሎቭዴይ ሄዳ ጉንጫቸውን ሳመች። በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አሞስን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ቱቦ ከታጠበ ስንት ቀኑ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው? በቀጠሮው ነዋ! ያለፈው እሑድ ሳምንት አለቅልቄዋለሁ። ጋዜጣው በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል ይላል፤ እኔ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም።"

ታምሲን ሰው በተሰበሰበበት ልትመልስላቸው አልወደደችም። ውሃው ሲቀዳ ባልዲያቸውን ተቀብላ እስከ ቤታቸው አደረሰችላቸው።

ቤቱ በጭቃና በኖራ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ጃቤዝ ሥራ ላይ ስለነበር ከማዕድኑ ጉድጓድ አልወጣም፤ ምራታቸው ኦነር ከጓዳው አልጋ ላይ ተኝታለች። ከወለደች በኋላ የያዛት ትኩሳት አልለቅ ብሎ ጡቷ ነጥፏል። ከምድጃው በላይ፣ ከመዝሙረ ዳዊቱ ጥቅስ ጎን፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ማስታወቂያ በመስተዋት ተደርጎ ተሰቅሏል። ጉንጩ ሊፈነዳ የደረሰ ሕፃን ትራስ ላይ ተጋድሞ ቱቦ ይጠባል፤ ከበታቹ እንዲህ ይላል፦ "የእናት ዕረፍት! ሕፃኑ ራሱን ይመግባል፣ እናት ትተኛለች። በሩቅ ቅኝ አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን በልዩ ጥንቃቄ የተሠራ። ሙቀት አይበግረውም። አዘውትሮ ማጠብ አያስፈልገውም፤ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃዋል።"

"አነበብሽው?" አሉ እትዬ ሎቭዴይ፣ አሞስን እያወዛወዙ። "ከለንደን ነው የመጣው። ከዚህ ከአቧራው አገር የተሠራ እንዳይመስልሽ።"

"አነበብኩት እትዬ። አሁን የምጠይቅዎትን በቁጣ አይዩብኝ። ትናንት ፍየሏን ያለቡበትን ባልዲ ሳያጥቡ ዛሬ ያልቡበታል?"

"እንዴት ተደርጎ! ወተቱ ወዲያው ይቆመጥጣል። በፈላ ውሃ ሳላዳርሰውማ እጄ አይነካውም።"

"ታዲያ ለባልዲው የሚያደርጉትን ለአሞስ አፍ ለምን ነፈጉት?"

እትዬ ሎቭዴይ ቆሽታቸው አረረ። "ስሚ አንቺ ልጅ! እኔ ስድስት ወልጄ አራት አሳድጌያለሁ። አንቺ የሳሙና ሽታ ስላለሽ ነው እንጂ ገና ባል አላየሽም። ውሃ በጋሪ እየተሸጠ በቀን አሥር ጊዜ ጡጦ እጠቡ? በየቤቱስ ሂጂ፤ በዚህ መደዳ ይህን ጡጦ ያልያዘ የለም። መጀመሪያ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩነቱን አይቼ ለሌላውም ያመላከትኩ እኔ ነኝ። ሁሉም ተሳስቶ አንቺ ብቻ ነሽ ያወቅሽ?"

"እኔ ብቻዬን አይደለሁም። ያስተማሩን ሐኪሞች ይህን ዓይነት ቱቦ ለሁለት ሰነጠቁና አሳዩን። ብሩሽ አይገባበትም። ወተቱ በውስጡ ይጣበቃል፣ ይሸታል፤ ትኩሱ ወተት በበሰበሰው ላይ እያለፈ ነው ልጁ ሆድ የሚገባው። በበጋ ተቅማጥ ይዟቸው ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ይህ ቱቦ አለ። የአሞስ ጥርስ አይደለም፤ ድዱን ልዳብስልዎ?"

"እና ይህ ጽሑፍ ይዋሻል? በእንግሊዝ አገር፣ በአደባባይ፣ በማተሚያ?"

"ይዋሻል እትዬ። እዚያው አገር ሐኪሞቹ ካወገዙት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ሩቅ ነን። የሐኪሞቹ ቃል መርከብ ላይ ቦታ አያገኝም፤ ጡጦው ግን ያገኛል።"

አሮጊቷ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ቀና ብለው አዩ። በእንግሊዝ አገር ካለው ከኮርንዎል የባሕር ዳር በመርከብ ከወጡ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዕቃ ሲፈታ፣ ገለባው ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ፣ እናታቸው የመጣች ይመስላቸው ነበር። ሻጩ ይህን ያውቃል። "ወገኖቻችን" ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው፤ ናፍቆት ያለበት ሰው ዕቃውን አገላብጦ አያይም።

ታምሲን ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች። "እስቲ ይስጡኝ። ልቁረጠውና ውስጡን አብረን እንይ። ንጹሕ ከሆነ አዲስ እገዛልዎታለሁ፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ።"

"አትንኪው!" ብለው ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። "አትንኪው አልኩሽ። ሩትንም በዚሁ ነው ያሳደግኳት።"

ሩት የአሞስ ታላቅ ነበረች። ባለፈው በጋ በሰባት ወሯ ነው ያረፈችው። ጥርስ ነው ተባለ፤ ተለቀሰ፤ ከሰፈሩ ሌሎች ሕፃናት ጎን ተቀበረች።

"ኦነር ያኔ ከማዕድኑ ሹም ቤት ልብስ ታጥብ ነበር" አሉ እትዬ ሎቭዴይ፣ ወለሉን እያዩ። "ሩት ቀን ከእኔ ጋር ነው የምትውለው። ሲያስቀምጣት ተራበች ብዬ ጨመርኩላት። ስታለቅስ ቱቦውን እኔ ነኝ አፏ ውስጥ የምመልሰው። በዚህ እጄ።" ቀና አሉ። "አሁን ያልሽው እውነት ከሆነ፣ ታምሲን፣ ሩትን ማን ገደላት?"

ወጣቶች አሮጌውን ሰው አይሰማም፣ ጭንቅላቱ ደርቋል ይላሉ። እንዲህ ያለውን ግትርነት ቀረብ ብሎ ለሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው አንድ መቃብር አለ። አዲሱን ትምህርት መቀበል ቀላል ነው። የሚከብደው ትምህርቱ ወደ ኋላ ዞሮ የሚናገረው ነው።

ታምሲን ይህን ጊዜ መዋሸት ትችል ነበር። "ሩት በሌላ በሽታ ነው" ብትል አሮጊቷ እፎይ ይሉ ነበር፤ ጡጦውም በቦታው ይቆይ ነበር።

"እርስዎ ይወዷት ነበር" አለች በመጨረሻ። "እግዚአብሔርም ያውቀዋል። ቢሆንም ጡጦው ነው እትዬ። ላጽናናዎት ብዬ ብዋሽ አሞስን ልንቀብር ነው።"

ከጓዳው ደካማ ድምፅ መጣ። "ይቁረጡት እማዬ።" ኦነር ግድግዳውን ተደግፋ ከበሩ ላይ ቆማለች። "ሽታውን አውቀዋለሁ። ሩትም አፏ እንዲህ ይሸተኝ ነበር። ማታ ማታ ስስማት ይሸተኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት አድርጌ? እርስዎ የባሌ እናት ነዎት፤ የቤቱ ባለቤት ነዎት። 'አሁን ደግሞ እኔን ልታስተምሪ ነው?' ይሉኝ ነበር።"

እትዬ ሎቭዴይ እንዲህ እንደሚሉ ራሳቸው ያውቁታል። አሞስን ለእናቱ አቀበሉ። ድንች የሚልጡበትን ቢላ አነሡ፤ ታምሲን ልታግዛቸው ስትል በክንዳቸው ገፏትና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በገዛ እጃቸው ሰነጠቁት። ውስጡ የረጋ ኩሬ ዳር እንደሚያዳልጠው ዓይነት አረንጓዴ አተላ ነበር። ሽታው ቤቱን ሞላው። አሮጊቷ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት፤ ከዚያ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ ጠረጉ።

"ምን ላድርግ?" አሉ። "ንገሪኝ። እንደ ሕፃን አድርገሽ ንገሪኝ።"

"አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይበቃል እትዬ፤ ጋሪ ሙሉ አያስፈልግም። ውሃው ይፍላ። ወተቱ እንደታለበ ይፍላ። ኩባያውና ማንኪያው የፈላ ውሃ ይፍሰስባቸው። በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ያጠጡት፤ የተረፈውን ይድፉት። ለዛሬና ለነገ ወተቱን ትተው የገብስ ውሃ ብቻ፤ ሆዱ ይረፍ።"

"በማንኪያማ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ነው።"

"ይፈጃል። እናት አታርፍም። ማስታወቂያው ልጁ ራሱን ይመግባል ያለው ውሸት ነው፤ ራሱን የሚመግብ ሕፃን የለም።"

እትዬ ሎቭዴይ ማንኪያውን ይዘው ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በአሞስ አገጭ ላይ ፈሰሱ። ከዚያ ልጁ ዋጠ። ታምሲን በየጠዋቱ እየመጣች ታይ ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ተቅማጡ ቆመ፣ የጎደጎደው ዓይኑ ተመለሰ፣ ለቅሶውም የጥጋበኛ ልጅ ለቅሶ ሆነ። ጃቤዝ ከጉድጓድ ሲወጣ "ይህ ሰውዬ ከእኔ በላይ ይጮሃል!" እያለ ይስቃል።

እናቱ እትዬ ሎቭዴይ ግን አይስቁም ነበር። አሞስ በበረታ ቁጥር የሩት ነገር ግልጽ እየሆነ መጣባቸው። ልጁ ባይድን ኖሮ የጡጦው ነገር አጠራጣሪ ይሆን ነበር፤ መዳኑ ጥርጣሬውን ነሣቸው። ስለ ጤናው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ፣ ምስጋናውንም ሳይጨርሱ ያለቅሳሉ።

በሚቀጥለው የሴቶች ጸሎት ቀን ከመዝሙር በኋላ ብድግ አሉ። ስለ ቱቦው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ፈላ ውሃው ሁሉንም ተናገሩ። ከዚያ "እኔን አትመኑ" አሉ፤ "አንዷ መሬት ውስጥ፣ አንዱ ጉልበቴ ላይ አሉላችሁ። እነሱን እመኑ።"

ከኋላ ዘኖቢያ ሆዷን ይዛ ተነሣች።

"ለልጄ ለቶማስ ጡጦውን ያመላከቱኝ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ነኝ።"

"ሲያስቀምጠው ጥርስ ነው አሉኝ። ልጄ ሲሞት እቤቴ መጥተው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉኝ።"

"ብያለሁ ዘኖቢያ። በእግዚአብሔር ያላከክሁት የእኔንና የሻጩን ሥራ ነው።"

"ታዲያ አሁን ምን ልሁን ብለው ነው የሚነግሩኝ? ባላውቅ አይሻለኝም ነበር?"

"ላንቺ ይሻልሽ ነበር" አሉ እትዬ ሎቭዴይ። "በሆድሽ ላለው ግን አይሻለውም።"

ዘኖቢያ ከጸሎት ቤቱ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በዚያ መደዳ ማንቆርቆሪያ ከምድጃ አይጠፋም። ውሃው አልበረከተም፣ ሙቀቱም አልቀነሰም፤ ግን አፍልቶ ማጠጣትና የተረፈውን መድፋት ልማድ ሆነ። ምራት አማቷን "ይህ ይሸታል" ብላ መናገር ቻለች፤ ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚያድነውም ይህች ድፍረት ናት። በጋዜጣ የመጣ ሁሉ ከመገዛቱ በፊት "ሻጩ ነው የሚለው ወይስ ሌላ ሰው?" ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። በሚቀጥለው በጋ አናጺው ትንንሽ የሬሣ ሣጥን እምብዛም አልሠራም።

ዘኖቢያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጡቷ ስላልበቃት በኩባያና በማንኪያ አሳደገቻት። ልጅቷ ጠንካራ ወጣች። እናቷ ግን እትዬ ሎቭዴይን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሰላም አላለቻቸውም፤ እሳቸውም ይቅር በይኝ ብለው አልጠየቋትም። ልጅቷን በመንገድ ባገኟት ቁጥር መንገድ ለቀው ቆመው ያሳልፏት ነበር።